የሞት ዋጋ ከመጫወቻ ማሽን ወደ ሲኒማ፦ የ«ሞርታል ኮምባት» (1995) ፊልም የውርስ ስልት

አኅጽሮተ ጥናት

በ1995 ለዕይታ የበቃው «ሞርታል ኮምባት» የተሰኘው ምናባዊ የማርሻል አርት ፊልም በ1992 ከወጣው ተመሳሳይ ስያሜ ካለው የፍልሚያ ቪዲዮ ጨዋታ የተቀዳ ነው። ጨዋታው በደም መፋሰስ ትዕይንቶቹ ዝናንም ውግዘትንም ያተረፈ ሲሆን፣ ፊልሙ ግን ደሙን ከሞላ ጎደል ትቶ የጨዋታውን አፍቃሪዎች ወደ ሲኒማ አዳራሽ መሳብ ችሏል። ይህ ጽሑፍ የተቃርኖውን ምክንያት ይፈትሻል። በጽሑፉ የሚቀርበው መከራከሪያ እንዲህ የሚል ነው፦ በመጫወቻ ማሽኑ ላይ ሞት በሳንቲም የሚሻር ርካሽ ክስተት ነው፤ ፊልሙ የጨዋታውን ቅርጽ ይዞ ለሞት የማይሻር ዋጋ ተምኖለታል፤ የሴራው ጥንካሬም የሚመነጨው ከዚህ ለውጥ ነው። መከራከሪያው በፊልሙ ዋና ዋና ትዕይንቶች ትንተና ከተደገፈ በኋላ ከሌሎች ሦስት ፊልሞች ጋር በማነጻጸር ይፈተናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ውርስ ትርጉም፣ የፍልሚያ ቪዲዮ ጨዋታ፣ የማርሻል አርት ፊልም፣ ሴራ፣ ሕግ፣ ሞት

1. መግቢያ

ከቪዲዮ ጨዋታ ስለተቀዱ ፊልሞች የሚደረግ ውይይት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከታማኝነት ጥያቄ ነው። የገጸ ባሕርያቱ አልባሳት፣ የሚታወቁባቸው የፍልሚያ ስልቶች፣ የመድረኮቹ መልክና የሙዚቃው ቃና ከምንጩ ጋር ይመሳከሩና ፊልሙ «ጨዋታውን መሰለ» ወይም «አልመሰለም» ይባላል። ይህ መመዘኛ ለ«ሞርታል ኮምባት» ሲውል ግን እንቆቅልሽ ይፈጥራል። ጨዋታው ከሌሎች የፍልሚያ ጨዋታዎች ተለይቶ እንዲታወቅ ያደረገው አሸናፊው ተሸናፊውን በአሰቃቂ ሁኔታ የሚገድልበት «ፌታሊቲ» የተባለ የፍጻሜ ትዕይንት ነው። ፊልሙ ግን በአሜሪካ የዕድሜ ምደባ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ወላጆች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ብቻ የሚያሳስበውን ደረጃ አግኝቶ የወጣ፣ ደም እምብዛም የማይታይበት ሥራ ነው።

እንዲያም ሆኖ በነሐሴ ወር 1995 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሲከፈት ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት በገቢ ቀዳሚ ሆነ። 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ይህ ፊልም በዓለም ዙሪያ 122 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገብቷል። ከእርሱ ቀደም ብለው የወጡት «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» (1993) እና «ደብል ድራገን» (1994) በገበያ ከከሰሩ በኋላ የተገኘ ውጤት በመሆኑ ነገሩ ይበልጥ ትኩረት የሚስብ ነው።

ከዚህ በመነሣት ጽሑፉ አንድ ጥያቄ ይይዛል፦ ጨዋታው በእጅጉ የታወቀበት ነገር ሲወገድ በቦታው የተተካው ምንድን ነው? ጥያቄውን ለመመለስ የ1992ቱ የመጫወቻ አዳራሽ ቅጂ የአጨዋወት ሥርዓት ከፊልሙ ሴራ ጋር ጎን ለጎን ይታያል። የገቢ አሃዞቹ የተጠቀሱት ጥያቄው የተነሣበትን ሁኔታ ለማሳየት ነው፤ ፊልም በገበያ መሳካቱ ብቻውን የውርስ ስልቱን ጥራት አያረጋግጥም።

2. ንድፈ ሐሳባዊ ማዕቀፍ

በአማርኛ የሥነ ጽሑፍ ጥናት «ውርስ ትርጉም» የሚለው ስያሜ አንድን የባዕድ ሥራ ከነቃሉ ከመተርጎም ይልቅ ታሪኩን፣ ገጸ ባሕርያቱንና መቼቱን ከተቀባዩ ኅብረተሰብ ጋር አዋሕዶ እንደገና መሥራትን ያመለክታል። ስያሜው በተለይ ከተውኔት ጋር ተያይዞ የሚታወቅ ቢሆንም ውስጡ ያለው ሐሳብ ለሲኒማም ይጠቅማል። ወራሽ የወረሰውን ሀብት እንደ ራሱ ኑሮ ያዘዋልና፤ ከወረሰው ውስጥ የሚሸጠው፣ የሚያድሰውና ሳይነካ የሚያስቀምጠው ይኖራል።

ሊንዳ ሃቺን በ2006 ባሳተሙት የውርስ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ታሪክ ከተቀባዩ ጋር የሚገናኝባቸውን መንገዶች በሦስት ይከፍላሉ፦ መንገር፣ ማሳየትና መስተጋብር። ልቦለድ ይነግራል፤ ተውኔትና ፊልም ያሳያሉ፤ ቪዲዮ ጨዋታ ደግሞ ተቀባዩን በድርጊቱ ውስጥ ያስገባል። ከጨዋታ ወደ ፊልም የሚደረግ ውርስ እንግዲህ ከመስተጋብር ወደ ማሳየት የሚደረግ ሽግግር ነው። በሽግግሩ መጀመሪያ የሚጠፋው የተጫዋቹ እጅ ነው።

ጀስፐር ዩል በ2005 ባቀረቡት ጥናት ደግሞ ቪዲዮ ጨዋታን «ግማሽ እውን» ይሉታል። የጨዋታው ዓለም ምናባዊ ነው፤ ሕጉ ግን እውነተኛ ነው። ተጫዋቹ ምናባዊ ዘንዶ ሲገድል ዘንዶው የለም፤ ማሸነፉ ግን በእርግጥ ሆኗል። ይህ ክፍፍል ለተያዘው ርዕስ መሠረታዊ ነው፤ የታማኝነት መመዘኛ የሚያተኩረው በምናባዊው ዓለም ላይ ሲሆን በሕጉ ላይ ምን እንደ ደረሰ አይጠይቅም። በሚከተሉት ክፍሎች የሚመረመረው የሕጉ ዕጣ ነው።

3. ምንጩ፦ ሞት በሳንቲም

«ሞርታል ኮምባት» በሚድዌይ ኩባንያ የተሠራ ሲሆን ዋነኛ ፈጣሪዎቹ ኤድ ቡን እና ጆን ቶባያስ ናቸው። በእጅ ከተሣሉ የጊዜው ጨዋታዎች በተለየ መልኩ የተፋላሚዎቹ ምስል የተገኘው እውነተኛ ሰዎችን በካሜራ በመቅረጽ ነው። አራት እጅ ያለው ጎሮ ብቻ ከተቀረጸ አሻንጉሊት፣ ምስል በምስል እየተነሣ ተንቀሳቃሽ እንዲመስል ተደርጓል። ከዚህ አንጻር ጨዋታው ገና ከጅምሩ ከሲኒማ ጋር ዝምድና ነበረው። ታሪኩም ቢሆን ከሲኒማ የተዋሰው ብዙ ነው። በደሴት ላይ የሚካሄድ ምስጢራዊ የፍልሚያ ውድድር፣ ከተለያየ ኑሮ የመጡ እንግዶችና አታላይ አዘጋጅ የሚታዩበት ማዕቀፍ ብሩስ ሊ ከተወነበት «ኤንተር ዘ ድራገን» (1973) ጋር ይመሳሰላል።

በጨዋታው 7 ተፋላሚዎች ለምርጫ ይቀርባሉ፦ ሊዩ ካንግ፣ ጆኒ ኬጅ፣ ሶንያ፣ ካኖ፣ ሬይደን፣ ሰብ-ዜሮና ስኮርፒዮን። ብቻውን የሚጫወት ሰው እንደ መሰላል የተደረደሩ ግጥሚያዎችን አንድ በአንድ ይወጣል። በመጀመሪያ የቀሩትን 6 ተፋላሚዎች ይገጥማል፤ ቀጥሎ ከራሱ ምስል ጋር ይፋለማል፤ ከዚያ በሦስት ተከታታይ ግጥሚያዎች በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ባላጋራዎችን በተራ ያስተናግዳል፤ በመጨረሻም ጎሮንና የውድድሩን ባለቤት ሻንግ ሱንግን ያገኛል። ሻንግ ሱንግ በፍልሚያ መሀል የሌሎቹን ተፋላሚዎች መልክ እየወሰደ በእነርሱው ስልት ይዋጋል።

ይህን መሰላል የሚያንቀሳቅሰው ሳንቲም ነው። ተጫዋቹ ሲሸነፍ ማሽኑ ወደ ኋላ እየቆጠረ ሳንቲም እንዲጨመር ይጋብዛል፤ ሳንቲሙ ከገባ ሟቹ ተነሥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለት ሰዎች ሲጫወቱ ደግሞ አሸናፊው በቦታው ይቆያል፤ ተሸናፊው ወይም ተራ ጠባቂው ይከፍላል። በዚህ ሥርዓት ሽንፈት ለማሽኑ ባለቤት የገቢ ምንጭ ነው። ፌታሊቲም ከዚሁ ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው። ሁለት ዙር ያሸነፈ ተጫዋች በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ምስጢራዊ የቁልፎች ቅደም ተከተል ከነካ ግድያው ይታያል። ቅደም ተከተሉ በአፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፍ ስለነበር ትዕይንቱ በማሽኑ ዙሪያ ለቆሙት ሁሉ የዕውቀትና የችሎታ ማሳያ ሆነ። ሞቱ በታየ መጠን አስደንጋጭ፣ በተሻረ መጠን ግን ቀላል ነበር። ጭንቅላቱ የተቆረጠ ተፋላሚ በሚቀጥለው ዙር ሙሉ ሆኖ ይቀርባል።

ከማሽኑ ውጭ ያለው ኅብረተሰብ የተመለከተው የሞቱን መታየት ነው። ጨዋታው በመስከረም 1993 ለቤት መጫወቻዎች ሲወጣ በኒንተንዶው ቅጂ ደሙ ተወግዶ ላብ መሰል ግራጫ ፍንጣቂ ተተካ፤ በሴጋው ቅጂ ግን ደሙ በምስጢር ቁልፍ የሚከፈት ሆነ። በታኅሣሥ 1993 የአሜሪካ ሴኔት አባላት በቪዲዮ ጨዋታዎች ውስጥ ስላለው ጥቃት ባካሄዱት የምስክርነት መድረክ ጨዋታው በግንባር ቀደምነት ተነሣ። በ1994 የጨዋታ አምራቾች የራሳቸውን የዕድሜ ምደባ አካል አቋቋሙ። ፊልሙ የተዘጋጀው ይህ ክርክር በተጋጋለበት ወቅት ነው።

4. ፊልሙ፦ ውድድሩ እንደ ሕግ

በፖል ደብሊው ኤስ አንደርሰን ዳይሬክተርነት፣ በኬቪን ድሮኒ ጽሑፍ፣ በላውረንስ ካሳኖፍ ፕሮዲውሰርነት የተሠራው ፊልም ሴራውን በአንድ ሕግ ላይ ያቆማል። «ውጭ ዓለም» የሚባለው ግዛት ንጉሠ ነገሥት ሻኦ ካን ምድርን ለመውረር ተዋጊዎቹ በፍልሚያ ውድድሩ 10 ጊዜ በተከታታይ ማሸነፍ አለባቸው። ፊልሙ ሲጀምር 9ኙን አሸንፈዋል። ሊዩ ካንግ (ሮቢን ሹ)፣ የፊልም ተዋናዩ ጆኒ ኬጅ (ሊንደን አሽቢ) እና የሕግ አስከባሪዋ ሶንያ ብሌድ (ብሪጅት ዊልሰን) በሻንግ ሱንግ (ኬሪ ሂሮዩኪ ታጋዋ) መርከብ ተሳፍረው ወደ ደሴቱ የሚያቀኑት ለ10ኛው ውድድር ነው።

በሕጉ ውስጥ ያለው ቁጥር ከማሽኑ አንጻር ሲታይ ትርጉሙ ጎልቶ ይወጣል። 9ኙ ሽንፈቶች ቀደም ባሉ ትውልዶች የተከፈሉ ዕድሎች ናቸው፤ 10ኛው ከተሸነፈ ሌላ ዕድል የለም። ጨዋታው ማለቂያ የሌለው ሙከራን ሲፈቅድ ፊልሙ ተመልካቹን የሚያስገባው ሙከራው ሊያልቅ አንድ በቀረበት ሰዓት ላይ ነው።

የሬይደን (ክሪስቶፈር ላምበርት) ቦታም በዚሁ ሕግ ተለውጧል። በጨዋታው ሬይደን እንደማንኛውም ተፋላሚ የሚመረጥ፣ የሚያሸንፍና የሚሞት ነው። በፊልሙ ግን የነጐድጓድ አምላክ በመሆኑ በውድድሩ አይሳተፍም፤ የሚችለው መምከርና ሕጉ ሲጣስ መቃወም ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ተፋላሚም የሚፈራውን ነገር ይነግረዋል፦ ሊዩ ካንግ ዕጣ ፈንታውን፣ ኬጅ አስመሳይ ተብሎ መቆጠርን፣ ሶንያ የሌላ ሰው እርዳታ እንደሚያስፈልጋት መቀበልን ይፈራሉ። ኃያሉ ገጸ ባሕርይ ከፍልሚያው ውጭ ሲቆም ሟች የሆኑት ሰዎች ውሳኔ ክብደት ያገኛል። ሬይደን በማሽኑ ፊት ቆሞ ምክር የሚሰጥ፣ ነገር ግን ቁልፉን መንካት የማይችል ተመልካች ይመስላል፤ በዚህም በሲኒማ አዳራሽ ከተቀመጠው ሰው ጋር አንድ ዓይነት አቋም ይጋራል።

5. ከፌታሊቲ ወደ ነፍስ

ደሙ የተወገደበት ቦታ ባዶ አልቀረም። በፊልሙ ተሸናፊው ከሞቱ በላይ የሚከፍለው ዕዳ አለ፤ ሻንግ ሱንግ የተሸነፉትን ተዋጊዎች ነፍስ ወስዶ የራሱ ያደርጋል። ነፍስ የመውሰዱ ሐሳብ በጨዋታው የጀርባ ታሪክ ውስጥም አለ፤ ይሁን እንጂ በአጨዋወቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም። ነፍሱ የተወሰደበት ተፋላሚ ሳንቲም ሲገባለት ይመለሳል። ፊልሙ ይህን የጀርባ ታሪክ አንሥቶ የሴራው ማዕከል አድርጎታል።

የሥዕላዊነት ልዩነቱም የዚህ ውጤት ነው። ፌታሊቲ አካል ሲፈርስ የሚያሳይ ነው፤ ነፍስ መወሰድ ግን አካሉን ሳይነካ ሰውየውን ያጠፋዋል። በዚህ መንገድ አዘጋጆቹ በአንድ በኩል የዕድሜ ምደባውን ገደብ አክብረዋል፤ በሌላ በኩል ሞትን ከጨዋታው ይልቅ የከበደ አድርገውታል። የኬጅ ወዳጅ የሆነው አርት ሊን በጎሮ ተሸንፎ ነፍሱ ሲወሰድ ትዕይንቱ ደም አልባ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ አርት ሊን አይመለስም። ኬጅ ጎሮን ለመግጠም የሚነሣው ይህን ካየ በኋላ ነው። በጨዋታው ለሞት የሚሰጠው ምላሽ ሳንቲም ነበር፤ እዚህ ምላሹ ሐዘንና ውሳኔ ሆኗል።

6. መሰላሉ ወደ ሴራ ሲለወጥ

የጨዋታው የግጥሚያ መሰላል ለተጫዋቹ ችግር የሚጨምር ድርደራ ነው፤ በራሱ ታሪክ አይደለም። ፊልሙ የመሰላሉን ደረጃዎች ሳይሰርዝ ለእያንዳንዳቸው ምክንያት ሰጥቷቸዋል። ለዚህ ዋነኛው ማስረጃ ልዕልት ኪታና (ታሊሳ ሶቶ) ለሊዩ ካንግ የምትናገረው ትንቢት ነው፤ ጠላቱን፣ ራሱንና ከሁሉ በላይ የሚፈራውን መጋፈጥ እንደሚኖርበት ትነግረዋለች። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው የመሰላሉን ደረጃዎች እዚህ ውስጥ ያነባል። ሌሎቹን ተፋላሚዎች መግጠም ጠላትን መጋፈጥ ነው፤ ከራስ ምስል ጋር የሚደረገው ግጥሚያ ራስን መጋፈጥ ነው፤ መልኩን የሚለዋውጠው ሻንግ ሱንግ ፍርሃትን መጋፈጥ ነው። በማሽኑ ላይ የአንድ ተፋላሚን ምስል ሁለት ጊዜ በመጠቀም የተገኘው ግጥሚያ በፊልሙ የሥነ ምግባር ፈተና ሆኗል።

ሁለት ተጨማሪ ምሳሌዎች ስልቱን ያብራራሉ። አንደኛው የሰብ-ዜሮ ፍልሚያ ነው። ሊዩ ካንግ ባላጋራውን የሚያሸንፈው ኪታና የሰጠችውን ፍንጭ ተከትሎ ውኃ በመጠቀም ነው፤ በረዶ የሚያመነጨው ተፋላሚ በራሱ ቅዝቃዜ ይሞታል። በመጫወቻ አዳራሽ ከጎን የቆመ ሰው የሚያንሾካሹከው የቁልፍ ምስጢር እዚህ ከባላጋራ ወገን በመጣች ሴት የተሰጠ ምክር ሆኖ ቀርቧል፤ ምክሩም የመተማመን ጥያቄ ያስነሣል። ሁለተኛው የኬጅና የጎሮ ፍልሚያ ነው። ኬጅ በጨዋታው የሚታወቅበትን ዝቅ ብሎ ብልት የመምታት ስልት በፊልሙም ይጠቀማል። ስልቱ የጨዋታውን አፍቃሪ ያስቃል፤ በሴራው ውስጥ ግን «አስመሳይ ነው» የተባለው ሰው ግዙፉን ባላጋራ በብልሃት እንዲጥል ያደርገዋል።

በሁለቱም ምሳሌዎች ምልክቱ ከጨዋታው የተወሰደ ነው፤ ተግባሩ ግን አዲስ ነው። ስለዚህ ጨዋታውን የሚያውቀው ተመልካች በማስታወስ፣ የማያውቀው ደግሞ ታሪኩን በመከተል እኩል ሊረዱት ይችላሉ።

7. የመጨረሻው ፍልሚያ፦ የተከለከለ መመለስ

የጽሑፉ መከራከሪያ ይበልጥ የሚፈተነው በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ነው። በ1992ቱ ጨዋታ ሊዩ ካንግ ቻን የሚባል ወንድም የለውም። በፊልሙ ግን ቻን ገና ከመነሻው በሻንግ ሱንግ እጅ ይሞታል፤ ሊዩ ካንግም ወንድሙን ትቶ በመሄዱ የሞቱ ጥፋተኛ እርሱ እንደ ሆነ ያምናል። የበቀል መነሻው የ«ኤንተር ዘ ድራገን» ጀግና ስለ እኅቱ ከያዘው ቂም ጋር ይዛመዳል፤ አፈታቱ ግን የተለየ ነው።

ሻንግ ሱንግ በመጀመሪያ ከወሰዳቸው ነፍሳት ተዋጊዎችን አውጥቶ በሊዩ ካንግ ላይ ያሰልፋል። ይህ የጨዋታውን የተከታታይ ባላጋራዎች ግጥሚያ ያስታውሳል። ያ ሳይሠራለት ሲቀር የቻንን መልክ ይለብሳል። በጨዋታው ሻንግ ሱንግ የሌላውን መልክ የሚወስደው ስልቱን ለመዋስ ነው። በፊልሙ የተዋሰው መልክ የሚዋጋበት ስልት የለውም፤ መሣሪያው ራሱ የሟቹ መመለስ ነው። ለሊዩ ካንግ የቀረበለት ግብዣ በይዘቱ ከማሽኑ ግብዣ ጋር አንድ ነው፦ የሞተው ሊነሣ ይችላል፤ የሆነው እንዳልሆነ ሊቆጠር ይችላል።

ሊዩ ካንግ ግብዣውን አይቀበልም። ቻን የራሱን ምርጫ እንደ መረጠ፣ በሞቱም እርሱ ተጠያቂ እንዳልሆነ ይቀበላል። ድሉ የሚገኘው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ በጨዋታው የሚታወቅበትን የእሳት ኳስ ወርውሮ ሻንግ ሱንግን በሾሉ ብረቶች ላይ ይጥለዋል። ብረቶቹ በጨዋታው ውስጥ ተሸናፊ ከድልድይ ተመትቶ የሚወድቅበትን ጉድጓድ ያስታውሳሉ። ይህ የፍጻሜ ሞት በቅርጹ ፌታሊቲ ነው፤ የሚቀድመው ግን የቁልፎች ቅደም ተከተል ሳይሆን የኅሊና ውሳኔ ነው። ከዚያ በኋላ ነፍሳቱ ነጻ ሲወጡ ቻን ለአፍታ ታይቶ ይሰናበታል እንጂ ወደ ሕይወት አይመለስም። ፊልሙ በዚህ ነጥብ የራሱን ሕግ ጠብቋል።

8. የመከራከሪያው ወሰን

ከላይ የቀረበው ንባብ ለፊልሙ በሙሉ በእኩል ደረጃ አይሠራም። አንደኛ፣ ሰብ-ዜሮና ስኮርፒዮን የሻንግ ሱንግ ባሪያዎች ተደርገው ስለቀረቡ ሞታቸው ዋጋ የለውም። ኬጅ ስኮርፒዮንን ካጠፋ በኋላ ለአድናቂ የተፈረመ ፎቶግራፉ መሬት ላይ ወድቆ ይታያል፤ ይህ ከሁለተኛው ጨዋታ የተወሰደ ቀልድ ሲሆን ሞቱን ወደ ማሽኑ ርካሽ ዋጋ ይመልሰዋል። ጨዋታው ውስጥ ያላቸው ተወዳጅነት ከፍተኛ የሆነው ጭምብል ለባሾች በሴራው ውስጥ ዝቅተኛ ሰብአዊነት የተሰጣቸው መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

ሁለተኛ፣ የሶንያ መንገድ ሳይጠናቀቅ ይቀራል። የሥራ ባልደረባዋን የገደለውን ካኖን በፍልሚያ አሸንፋ ትገድለዋለች፤ ከዚህ በቀል በኋላ ግን ፊልሙ የሊዩ ካንግን ያህል ጥያቄ አያቀርብላትም። ይልቁንም ሻንግ ሱንግ በኃይል ወደ ውጭ ዓለም ይወስዳትና ወንዶቹ ሊያድኗት የሚመጡላት ሴት ትሆናለች። በጨዋታው ከማንኛውም ተፋላሚ ጋር እኩል ዕድል የነበራት ገጸ ባሕርይ በፊልሙ ያነሰ ድርሻ ማግኘቷ ሕጉ ወደ ሴራ ሲለወጥ የሚጠፋ ነገር እንዳለ ያሳያል። ጨዋታው ለ7ቱም ተፋላሚዎች የየራሳቸው ፍጻሜ ነበረው፤ ፊልሙ አንዱን መምረጥ ግድ ሆኖበታል።

ሦስተኛ፣ ፊልሙ የሚያልቀው ሻኦ ካን በሰማይ ላይ ተገልጦ ሲዝትና ጀግኖቹ ለፍልሚያ ሲቆሙ ነው። በሴራው መሠረት ምድር ድኗል፤ በገበያው ፍላጎት ግን ጨዋታው መቀጠል አለበት። ሳንቲም የሚጋብዘው ቆጠራ ከታሪኩ ውስጥ ቢወጣም በመጨረሻው ምስል ተመልሶ ገብቷል ለማለት ይቻላል።

9. በንጽጽር መፈተን

መከራከሪያው ትክክል ከሆነ የውድድሩን ሕግ ወይም የሞትን ዋጋ የተዉ ሥራዎች በሴራቸው ላይ ክፍተት ሊታይባቸው ይገባል። ለዚህ ሦስት ፊልሞች ማነጻጸሪያ ይሆናሉ።

በታኅሣሥ 1994 የወጣውና በስቲቨን ደ ሱዛ የተጻፈውና የተመራው «ስትሪት ፋይተር» ከዚያን ዘመን ታዋቂ የፍልሚያ ጨዋታዎች አንዱን ወርሷል። ፊልሙ የውድድሩን ማዕቀፍ ትቶ ታሪኩን በአንድ አምባገነን ላይ የሚካሄድ ወታደራዊ ዘመቻ አድርጎታል። በዚህ ምክንያት ገጸ ባሕርያቱ ለምን አንድ ለአንድ እንደሚፋለሙ ሴራው ምክንያት ለመስጠት ይቸገራል፤ አልባሳቱና ስሞቹ ከጨዋታው ቢመጡም የሚያገናኛቸው ሕግ የለም።

በጆን ሊዮኔቲ የተመራው «ሞርታል ኮምባት፦ አናይሌሽን» (1997) የመጀመሪያው ፊልም ቀጥተኛ ተከታይ ነው። ሻኦ ካን የውድድሩን ውጤት ጥሶ ወደ ምድር የሚገባው ሞታ የነበረችውን የኪታናን እናት ሲንደልን በማስነሣት ነው። ተከታዩ ፊልም በመክፈቻው ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ሽሯል፦ ሕጉ አይከበርም፤ ሙታንም ይመለሳሉ። ጆኒ ኬጅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቢገደልም ሞቱ የመጀመሪያው ፊልም ሞቶች የነበራቸውን ክብደት አያገኝም። የገጸ ባሕርያቱና የፍልሚያዎቹ ቁጥር ጨምሯል፤ በእያንዳንዱ ፍልሚያ የሚታጣው ነገር ግን ቀንሷል።

በሳይመን ማኮይድ የተመራው የ2021ዱ «ሞርታል ኮምባት» ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዷል። ፌታሊቲው ከነደሙ ተመልሷል፤ የዕድሜ ምደባውም በዚያው መጠን ጠብቋል። ውድድሩ ግን በፊልሙ ውስጥ አይካሄድም፤ ሻንግ ሱንግ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የምድርን ተዋጊዎች ለማስጨረስ ይሞክራል። ከታማኝነት አንጻር ካየነው ይህ ፊልም ከ1995ቱ ይልቅ ለጨዋታው ገጽታ የቀረበ ነው። ከሕግ አንጻር ግን የራቀ ነው፤ ፍልሚያዎቹ የሚቆጠሩበት ሠንጠረዥ ስለሌለ እያንዳንዱ ግድያ ለብቻው የቆመ ትርኢት ይሆናል።

ሦስቱን በአንድነት ስንመለከት ደም መኖሩም አለመኖሩም ለውርሱ ጥንካሬ ወሳኝ እንዳልሆነ እንረዳለን። «ስትሪት ፋይተር» ያለ ደም፣ የ2021ዱ ፊልም ከነደሙ ተመሳሳይ የሴራ ክፍተት አሳይተዋል።

10. ማጠቃለያ

«ሞርታል ኮምባት» (1995) ከጨዋታው ምልክቶችን፣ ስሞችንና የፍልሚያ ስልቶችን ወርሷል። ለሴራው ጥንካሬ የሰጠው ግን የሕጉ አወራረስ ነው። የግጥሚያውን መሰላል ጠብቆ ለየደረጃው ምክንያት ሰጥቷል፤ በሳንቲም የሚሻረውን ሞት በነፍስ የሚከፈል የማይሻር ዕዳ አድርጎታል፤ በመጨረሻም ጀግናውን የሟች መመለስን ግብዣ እንዲከለክል አድርጎ የማሽኑን ሥርዓት ገልብጦታል። ደሙ ሲወገድ የተመልካቹ ስሜት ያልቀዘቀዘው በዚህ ምክንያት እንደ ሆነ መገመት ይቻላል፤ አስደንጋጩ ነገር ከዓይን ርቆ ወደ ታሪኩ ውስጥ ገብቷል።

ግኝቱ ለውርስ ጥናት አንድ የአሠራር ሐሳብ ያቀርባል። ከጨዋታ የተቀዳን ፊልም የሚመረምር ተመራማሪ «ከምንጩ ምን መጣ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «በምንጩ ተቀባዩ የሚከፍለው ምንድን ነው? በውርሱስ ያንን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የታማኝነት መመዘኛ የማያሳየውን ሽግግር ሊያይ ይችላል። በመጫወቻ ማሽኑ ፊት ከፋዩ ተጫዋቹ ነበር፤ በሲኒማው ከፋዩ ገጸ ባሕርዩ ነው። በአማርኛ ስለ ውርስ ትርጉም የተደረጉ ጥናቶች በተውኔትና በልቦለድ ላይ ያዳበሩት የንጽጽር ልምድ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ የተመቸ መነሻ ነው፤ ወደ ቪዲዮ ጨዋታና ወደ ፊልም ሲሰፋ ግን ከታሪኩና ከቋንቋው በተጨማሪ ሕጉን እንደ ጽሑፍ ማንበብ ይኖርበታል።